የሐሙስ ፊቴ

ሴትዮዋን አልወዳትም። ይሄን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አንዲት ሐበሻ አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ሠዓሊ ስታስታምም ከርማ በመጨረሻ ተቃቅፈው ተላቀሱ የሚል ታሪክ የሚጠብቅ ካለ ከዚሁ ይመለስ። አምስት ዓመት ሙሉ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሁለት ባቡር እየቀያየርኩ መድኃኒቷን ሰጥቻታለሁ፣ ገላዋን አጥቤያታለሁ፣ ድንቿን ልጬላታለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም። ጨው ጎድሎታል ግን ነጋ ጠባ ትለኛለች።

ዕድሜዋ ሰማንያን ተሻግሯል። በእኛ ወግ እሳቸው መባል የነበረባት ሴት ናት፤ ቤቴም ውስጥ ስለሷ ሳወራ ለዓመታት እሳቸው ነበር የምላት። ባለቤቴ ለፈረንጅ ደግሞ አንቱታ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ፈረንጅም ያረጃል እለው ነበር። ከአንድ ሐሙስ ወዲህ ግን አንቱታዋን ነጥቄያታለሁ። ለምን እንደነጠቅኳት ነው የምነግራችሁ።

ሥራዋ እንጨት ላይ መቅረጽ ነው። ጣውላውን በስለት ትቆፍረዋለች፣ ሳይቆፈር የቀረው ላይ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይደረብበትና በማተሚያው ይጨመቃል። ወረቀቱ ሲነሳ ሥዕሉ ግራ ቀኙ ተገላብጦ ይወጣል። የሷ ሥዕል አበባና ወንዝ እንዳይመስላችሁ። ፍራሻቸው መንገድ ላይ የተወረወረባቸው ተከራዮች፣ ዶሮ ሲበልቱ ውለው ጣታቸው የማይታጠፍ ሴቶች፣ በመስኮት የሚመለከታቸውን ሰው ሳያዩ የሚጎርሱ ወፋፍራም ጌቶች። አገሯም ሳለች እንዲሁ ነበረች። አንድ ከንቲባ ሥዕሏን ከማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስወርዶባታል፤ ይሄን ስታወራ እንደ ኒሻን ነው የምትኮራበት።

የተወለደችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል ነው፤ ያደገችው ደግሞ ከፈረሰ ከተማ ውስጥ ጡብ እየለቀመች። አባቷ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። በዚያ ጣቢያ ሰዎች በከብት ፉርጎ ታጭቀው ወደ ሞት እንዳለፉ የሰማችው ጎረምሳ ስትሆን ነው። አባቷን ጠየቀችው፤ አላወቅንም አላት። አስተማሪዋን ጠየቀች፤ አላወቅንም። ቄሱን ጠየቀች፤ እሱም አላወቀም። ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር፣ ከተማው በሙሉ ዝም አለ ትላለች። አባቷን እስኪሞት ድረስ አላናገረችውም። ዕድሜ ልኳን የቀረጸችውም ይሄንኑ ነው፣ እያወቁ ዝም ያሉ ሰዎችን። አሜሪካዊ አግብታ እዚህ ከመጣች በኋላም ሌላ ነገር አልቀረጸችም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም፤ ያላት አንድ ቤዝመንት ሙሉ ጣውላ ነው።

ትከሻዋ ካለቀ ወዲህ ትቀርጻለች እንጂ የማተሚያውን መዘውር ማዞር አትችልም። ስለዚህ እኔ በኤጀንሲው ወረቀት ላይ ሆም ኬር፣ የቤት አስታማሚ ነኝ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ግን አታሚ ነኝ። ቀለሙን በሮለር እቀባለሁ፣ ወረቀቱን እደርባለሁ፣ መዘውሩን አዞራለሁ። ተረጋጊ፣ አትጫኚው፣ ጥጉን ያዢ እያለች ከኋላዬ ቆማ ታዘኛለች። ድንቄም ጡረታ የወጣች!

ከመቅረጿ በፊት በእርሳስ ትስላለች። እርሳሷ ከእጇ አይለይም፤ ፖስታ አዳዩን ትስለዋለች፣ የሚጣሉ ጎረቤቶችን ትስላለች፣ እኔን ወለል ስወለውል ትስለኛለች። አታስፈቅድም። ከሥዕሉ ግርጌ የሳለችበትን ቀን ትጽፋለች፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ እንዲህ ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። ኋላ እንደ ቤቱ ዝንብ ለመድኩት።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ስልክ ላይ ትጮሃለች፤ አሜሪካ ሩቅ ስለሆነ ካልጮሁ አይሰማም ብላ ነው የምታምነው። ሰላምታዋ ማለቂያ የለውም፣ ስንብት ግን አታውቅም። የራሷን ተናግራ ስትጨርስ እኔ ገና መሐል ላይ ሆኜ ጥርቅም ታደርገዋለች። ሰባት ዓመት አላየኋትም ነበር። ለገና ልሄድላት ቲኬቴን ቆርጬ ሻንጣዬን ከወዲሁ መሙላት ጀምሬ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ባለቤቴ ከራት በኋላ ሳህን ላጥብ ብሎ ተነሳ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ሳህን አጥቦ የማያውቅ ሰው! ምን ነክቶት ነው ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ አረፋው ውስጥ ጥልቅ አለ። ሲንኩ ጋ ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። አስጠግነዋለሁ ብሎ በኪሱ ከተተው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠገን ቀረ። ዊተን የምትኖረው ጓደኛዬ፣ በቀን ሁለቴ በቤት ስልክም ቢሆን ሳትደውል የማትውለዋ ጠፋች፤ አኮረፈች ብዬ እኔም አኮረፍኩ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ከበር ተመልሳ አቀፈችኝ። ምነው ስላት ናቲንግ ብላ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ ወጣች። ሞኝ አልነበርኩም፤ ግን ሰው የራሱን መርዶ አይጠረጥርም።

ሐሙስ ዕለት ከሴትዮዋ ቤት መድኃኒት ላመጣ ወጣ ብዬ ስመለስ አንድ የጫማ ሱቅ መስኮት ላይ ለስላሳ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ለእናቴ እግር የተሠራ የሚመስል ጥቁር ጫማ አየሁ። ቁጥሩም ሠላሳ ሰባት። ገዛሁት። ኩሽና ገብቼ ድንች እየላጥኩ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁና ለሷው ነገርኳት። ጫማውን ከካርቶኑ አወጣሁ። እናቴ ስልክ ላይ እንዴት እንደምትጮህ ላሳያት ብዬ አንዱን እግር ጆሮዬ ላይ ደገንኩና፣ «ብርድ አለ ወይ? ትበያለሽ ወይ? ያቺ ልጅ አደገች ወይ?» ብዬ ጮኽኩ፤ መልሱን ሳልጠብቅ ጥርቅም አደረግኩት። በራሴ ቀልድ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሴትዮዋ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ እርሳሷን ይዛ ታየኛለች። አልሳቀችም። እሷ መቼ ስቃ ታውቃለችና። አንዴ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። በአማርኛ መጮኼ ግራ ገብቷት ነው ብዬ ወደ ድንቼ ዞርኩ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ለብሶ ቆሟል፣ ጫማውን ሳይቀር አጥልቋል። ኮሪደሩ ላይ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው የዊተኗ ጓደኛዬ፣ ከሷ ኋላ ደግሞ ስድስት ሰባት ሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በንጋት ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በሩ ላይ ያየ ሐበሻ ጥያቄ አይጠይቅም። ማን እንደሞተ ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ እሱንም ሳልጨርሰው ወደቅሁ።

እናቴ ሰኞ ሞታ፣ ማክሰኞ ተቀብራ፣ እኔ ቅዳሜ ተረዳሁ። ለምን ቅዳሜ አትሉም? በአዘቦት ቀን ሰው ሥራ ነዋ! መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። አገራችን ሳለን ሰው ለመሰብሰብ አንድ ሌሊት ይበቃል። እዚህ ሁሉም ከሥራው ኦፍ እስኪሆን ይጠበቃል። ያኔ አልከፋኝም፣ እውነቴን ነው። እኔ ራሴ በዚህ አገር የስንቱን በር በንጋት አንኳኩቻለሁ፣ ስንቷን ሳምንት ሙሉ ምንም እንዳልሆነ አጫውቼ ቅዳሜ ዕለት ይዤ አስለቅሻለሁ። ወጉ ነው፣ በወጉ ተረዳሁ አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁሬን ለብሼ አሌክሳንድሪያ ተመለስኩ። ሴትዮዋ አይም ሶሪ አለች፣ እሱንም ቆማ። ቀጥላ የሚታተም ጣውላ አለ አለችኝ። ደግ አልኩ፤ ሥራ ሳይሻል አይቀርም ብዬ ሮለሩን አነሳሁ። በዚያ ሁለት ሳምንት አዲስ ቀርጻለች። ጣውላው ተገላብጦ የተቀረጸ፣ ራሱም በቀለም የጠቆረ ስለሆነ ምን እንዳለበት አላስተዋልኩም፤ አስተውዬም አላውቅ። ቀባሁ፣ ደረብኩ፣ መዘውሩን አዞርኩ፣ ወረቀቱን በጥጉ ይዤ አነሳሁት።

እኔ ነኝ። አንገቴ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፣ አፌ ተከፍቷል፣ የተነቀለው መንጋጋዬ ቦታ እንኳ አልቀረም። ጠረጴዛው ላይ የድንች ልጣጭ። ጆሮዬ ላይ የእናቴ ጫማ።  ሴትዮዋ እርጥቡን ወረቀት ተቀብላኝ ከግርጌው በእርሳስ ሐሙስ ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ደግሞ በእንግሊዝኛዋ ርዕሱን፦ «አውቅ ነበር»።

ምን ነበር የምታውቂው አልኳት። ባለቤቴ ረቡዕ ጠዋት ለሷም ደውሎ ኖሯል፣ ከቅዳሜ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለማልመጣ። ምክንያቱን ነግሯታል፣ እንዳትነግሪያትም ብሏታል። ሐሙስ ዕለት እኔ ጫማ ጆሮዬ ላይ ደግኜ እንደ እብድ ስንከተከት እናቴ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነበር፤ ይቺ ሴት ያንን እያወቀች እርሳሷን ቀርጻ ሳለችኝ።

ደሜ ፈላ። የቀለሙን ሮለር ወለሉ ላይ ወረወርኩት። አባትሽን ለምን ነበር ያኮረፍሽው አልኳት። አስተማሪሽን፣ ቄስሽን፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ ስድሳ ዓመት ሙሉ ጣውላ ላይ የገረፍሽው ለምንድነው? በዕድሜዬ ለማንም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀች።

«አዎ» አለች። «ርዕሱም እሱ ነው።»

ይሄኔ እንኳ የምትፎክርብኝ ነበር የመሰለኝ። ጣውላውን አጥፊው አልኳት። አላጠፋም አለች። ለካ ከወር በኋላ እዚያው እኔ ሰፈር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ አዳራሽ ሥራዋን ልታሳይ ነው፤ ይሄኛውም በር ላይ የሚሰቀለው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ! ሐበሻ ሳይረግጠው የማይውል መንገድ ላይ! የእናቷ ዐፈር ሳይደርቅ ጥርሷን ያሳየች ልጅ ተብዬ ልታይ ነው። አለማወቄን ማን ይጠይቅልኛል? ሥዕል አፍ የለው። በጓደኞቼ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእናቴ ፊት እንደ ባለጌ ሆኜ ልቀር መሆኑ ነው።

«ፊቱ ያንቺ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። «የምሰቅለው ጥፋቴን ነው።»

«እንግዲያው በራስሽ ፊት ቅረጪው!»

 ማታ ሾርባዋን ሠርቼ ጨው የሚባል ሳልነካበት አቀረብኩላት። ልወጣ ስል ቤዝመንት ወርጄ ጣውላውን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስወጣ አየችኝ። ቦርሳው አልዘጋ ብሎ የጣውላው ጥግ ወጥቶ ይታያል፤ አየችውና ዓይኗን ወደ ሾርባዋ መለሰች። ፖሊስ ብትጠራ ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ጣውላውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም መስመር ጨረስኩ። ሠፈር ስደርስ የዕቃ ሱቅ ገብቼ በጣም ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ፊቴን ፍቄ ፍቄ ጣውላውን ሜዳ ላደርገው ነው። በረንዳችን ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ተንበርክኬ ስጀምር ባለቤቴ ወጣ። ምንድነው አለኝ። አዙሬ አሳየሁት፤ ቀለሙ እንጨቱ ላይ ደርቆ ስለነበር ለተጠጋ ሰው ይለያል። ያቺ የምትኮፈሰው ሠዓሊ ምን እንዳደረገችኝ እይ፣ የነገርካትም አንተ ነህ አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ባለቤቴ፣ ለቀብር እንኳ ዓይኑ የማይረጥበው ሰው፣ ጋዜጣው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ።

«እኔ እኮ ያን ሰሞን ፊትሽን አላየሁትም» አለኝ። «ቲቪ ነበር የማየው። ስታወሪኝ ቲቪ ነበር የማየው። እንዲህ ትስቂ እንደነበር አላውቅም።»

 እውነቱን ነው። ሳህን ሲያጥብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ልጄ ካቀፈችኝ በኋላ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ነው የወጣችው። ጓደኛዬ ጭራሽ አልመጣችም፣ ብትመጣ ፊቷ ያጋልጣታል። የንስሐ አባቴ ረቡዕ መንገድ ላይ አግኝተውኝ መስቀሉን ሲያሳልሙኝ ሰማይ ሰማይ ነበር የሚያዩት። የሚወዱኝ ሰዎች በሙሉ አንድ ሳምንት ሙሉ አላዩኝም። ያየችኝ ያቺ ጨው ጎደለ ባይ ብቻ ናት። የሞተውም ወንድምሽ፣ የገደለውም ባልሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ ይላል ያገሬ ሰው። ለሷ የያዝኩት ንዴት ግማሹ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ለማን እንደማካፍለው ጠፋኝ።

ሰኞ ጣውላውን ይዤላት ሄድኩ። አንድ ጥጉን ብቻ ፍቄዋለሁ፣ ድንቹ ያለበትን። ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩት። ሐሙስ ዕለት አፍሽን ከፍተሽ የዘጋሽው ምን ልትዪ ነበር አልኳት።

«ልነግርሽ ነበር» አለች። «አባቴ ትዝ አለኝ፣ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ጫማውን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ሳቅሽ። ፈራሁ። ስፈራ እርሳስ ነው የማነሳው።»

ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ፈራሁ ስትል መስማት ደስ አይልም። ይቅርታ አላለችም፤ ማለትም አታውቅበትም። እኔም ይቅር አላልኳትም። አዳራሽሽ ላይ ስቀዪው፣ እኔ ግን አንድ ቅጂ እፈልጋለሁ፣ መጀመሪያ የሚሰቀለው እኔ ቤት ነው አልኳት። መቼ አለችኝ። ለእናቴ አርባ አልኩ። ወርደን አተምነው። የተፋቀው ጥግ ላይ ድንቹ ጠፍቶ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። እንዲያውም ይሻላል አለች፤ ኧረ ተይኝ አልኳት።

አርባዋ ዓርብ ቢውልም ሰዉ ሥራ ስላለበት እሑድ አደረግነው። ጠዋት ፍትሐቱ ተደርጎ ሰዉ ለምሳ ቤታችን ገባ። የእናቴን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ፤ ፊት ለፊቱ፣ የመርዶ ነጋሪዎቼ ወንበር በሚያየው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሐሙስን ሰቀልኩት። ምስማሩን የመታልኝ ባለቤቴ ነው። ሰው ገባ፣ እግዜር ያጽናሽ አለ፣ ተቀመጠ፣ ቀና አለ። ይሄ ምንድነው ያለኝ ሁሉ መልስ አገኘ። ሐሙስ ነው፣ እናንተ የምታውቁት፣ እኔ የማላውቀው ሐሙስ ነው አልኩ። ሰዉ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ለአንቺው ብለን እኮ ነው አሉ አንዱ ሽማግሌ። አውቃለሁ አባባ፣ ይብሉ አልኳቸው።

ሴትዮዋ ሳትጠራ በታክሲ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ወንበር አልመረጠችም፣ ከሥዕሉ ትይዩ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ሳታቀረቅር የበላች እሷ ብቻ ናት። ወጡን ቀምሳ ጨው ጎድሎታል አለችኝ። አንቱታዋን አልመለስኩላትም፣ ጨውን ግን አቀበልኳት።

ሰዉ እየሳሳ ሲሄድ የዊተኗ ጓደኛዬ ኩሽና ጠራችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው። ውድብሪጅ ያለችው ወዳጃችን አባት ትናንት ማታ ጎንደር ላይ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ወዳጃችን ዛሬ ከሰዓት ሥራ ስላለባት ለአርባው መምጣት ባትችል በጠዋት ሁለት ድፎ ዳቦ ጋግራ ልካልናለች። መርዶው ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው፣ አንቺም አትቀሪ፣ እስከዚያ ብትደውል እንዳታስነቂያት አለችኝ። ይሄን የምታወራኝ የዚያችን ሴት ዳቦ እየቆረሰች ነው።

«ዛሬ እሑድ ነው» አልኳት። «ስድስት ቀን?»

«ሰው ይሰብሰብ እንጂ። ምን ነካሽ?»

ነጠላዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ። ሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው አልኳት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው አለችኝ። እንደርሳለን፣ አንቺም ልበሺ፣ ሁለት ክንድ እኔ አለኝ ሁለት አንቺ አለሽ፣ ለአንዲት ሴት ይበቃል አልኳት። ጓደኛዬ ዳቦውን አስቀመጠችና በበሩ ክፍተት ከሚታየው ሥዕል ዓይኗን እያሸሸች፣

«ብቻችንን? ፊቷን በምን ዓይናችን እናየዋለን?» አለችኝ።

«ባለን ዓይን።»

ባለቤቴ መኪናውን አስነሳ። እስከ ውድብሪጅ ድረስ ጓደኛዬ ኋላ ወንበር ላይ የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ይሰማኛል። ቤቷ ደርሰን ደወሉን የጫንኩት እኔ ነኝ። ከውስጥ ሙዚቃ ይሰማል፣ ስሊፐሯ ሲንሿሿ ይሰማል። በበሩ ቀዳዳ አይታን ኖሮ፣ ምነው ድግሱን ጥላችሁ፣ ዳቦው አነሰ እንዴ ስትል ድምፅዋ ከበሩ ቀድሞ ደረሰን።

በሩን እየሳቀች ከፈተችልን። ዓይኔን አልሰበርኩም።